ለፋሲካ ስትመጣ አትዘለኝ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን አለህልኝ የኔ ጌታ? ሐዋሳ ሙቀቱ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በቀኜ እየጻፍኩ ወረቀቱን በግራ እጄ ይዤዋለሁ። በግራ እጄ! ልብ በልልኝ።

አንተ ለፋሲካ እንደምትመጣ እህትህ ነግራኛለች። ከመምጣትህ በፊት አንድ ነገር ልለምንህ። ደረጃው ላይ አትዘለኝ።

ያኔ ስትሮክ ግራ ጎኔን አድክሞት ከሆስፒታል ስወጣ እስከ ሦስተኛ ፎቅ አዝለህ አወጣኸኝ። ብሎካችን ሊፍት የለው፣ ምን ታደርግ። የኮዬ ፈጬ ጎረቤት ሁሉ መረቀህ። እኔም መረቅኩህ፣ አሁንም እመርቅሃለሁ። ግን ጀርባህ ላይ ሆኜ ምን እንዳሰብኩ አልነገርኩህም። "በቃ፣ ከእንግዲህ የምወርደው ለቀብሬ ነው" ብዬ ነበር። ሆስፒታል አንዱ ባለሙያ "ከአሁን በኋላ አልጋ ላይ ናቸው" ሲልህ ሰምቼዋለሁ። የተኛሁ መስሎት ነው።

እህትህ አጎረሰችኝ፣ አለበሰችኝ፣ አጠበችኝ። ጠያቂውም "አረፍ በይ" እንጂ "ተነሺ" አይለኝም። ሁሉም በፍቅር ነው። ሰውነት ግን ካልሠራ ይደክማል። ደህናው እግሬ እንኳ ሳሳ። አንድ ሌሊት ሽንት ቤት ስሄድ ወደቅኩ። አልተጎዳሁም፤ ግን ሁለት ወር ሙሉ ከአልጋና ከሶፋ አልራቅኩም። እግሬ እሺ ሲለኝ ልቤ እምቢ አለኝ።

ፊዚዮቴራፒ የምታሠራኝ ልጅ መጀመሪያ ምን አለችኝ መሰለህ? "እማማ፣ ምን ማድረግ ናፈቀዎት?" እንደዚያ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። "ቡና አፍልቼ ጎረቤት መጥራት" አልኳት። "እንግዲያው ግባችን በርጩማው ነው" አለች። በርጩማ ዝቅ ስለሚል ከእሱ መነሳት ከባድ ነው። ስለዚህ ከፍ ባለ ወንበር፣ ትራስ ደርባበት ጀመርን። ወደ ጫፉ መጠጋት፣ እግርን ወደ ኋላ ሰብሰብ ማድረግ፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ መነሳት። በቀን አሥር ጊዜ። ሲለምድልኝ ትራሱን አነሳችው። አሁን በርጩማው ላይ ደርሻለሁ።

ለእጄ ደግሞ ምስር ሰጠችኝ፣ በግራዬ እንድለቅም። የመጀመሪያ ቀን አንድ ፍሬ ማንሳት አቅቶኝ አለቀስኩ። ስትሮክ የገደለው የአንጎል ክፍል አይመለስም አለችኝ። ሌላው ክፍል ግን ሥራውን ሊማር ይችላል፤ የሚማረውም ሲደጋገም ነው። ደህናው እጅ ሁሉን ከሠራ የደከመው ጭራሽ ይረሳል። በዚህ ሁዳዴ እቤታችን የተበላውን ምስር የለቀምኩት እኔ ነኝ።

ደረጃውን የጀመርነው በሁለት እርከን ነው። ወርደን ተመለስን፣ በቃ። በሳምንቱ እስከ መታጠፊያው። ስወጣ ደህናው እግሬ ይቀድማል፣ ስወርድ የደከመው። ምርኩዜን የምይዘው በቀኝ እጄ ነው፣ ከደከመው እግሬ በተቃራኒ። ባለፈው ቅዳሜ እስከ ምድር ወረድኩና ከሱቅ ሳሙና ገዛሁ። መልሱን ስቀበል እጄ ከደስታ ብዛት ይንቀጠቀጥ ነበር። ስመለስ ሦስት ቦታ አርፌ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ።

እንደ ድሮው እንደማልሆን አውቃለሁ። አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ስለ ሻምበል አበበ ቢቂላ ያወራ የነበረው ትዝ ይለኛል። በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሽባ ሆነ። እንግሊዝ አገር ታከመ፣ ዳግም ግን በእግሩ አልሄደም። በዊልቸር ሆኖ በቀስት ተወዳደረ። ያኔ እንደ ወሬ ነበር የምሰማው። አሁን ያ ሰው መጀመሪያ ቀን ቀስቱን ሲያነሳ ምን ተሰምቶት ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

እንግዲህ ስትመጣ እንዲህ አድርግልኝ። በግራ ጎኔ ቁም። ስወርድ አንድ ደረጃ ቀድመኸኝ ከታቼ ሁን። ግራ እጄን አትጎትተው፣ ትከሻዬ ይጎዳል። ከተንገዳገድኩ መቀነቴን ያዝ፤ ለዚሁ ብዬ ጠበቅ አድርጌ እታጠቃለሁ። ስዘገይ አትቸኩልብኝ። "ልርዳሽ?" ብለህ ጠይቀኝ እንጂ ዝም ብለህ አታንሳኝ። የደም ግፊት መድኃኒቴን በየቀኑ እየዋጥኩ ነው፣ ለእሱ አታስብ።

የምርኩዜ የጫፉ ጎማ ስላለቀ ያንሸራትተኛል፣ ካገኘህ አዲስ ይዘህልኝ ና። ደግሞ ቃሊቲ መናኸሪያ እንደደረስክ ደውልልኝ። መውረዱ ጊዜ ይወስድብኛል። ታች በሩ ላይ ቆሜ ልቀበልህ ነው።

እናትህ