ከቅዳሜው ንባብ በፊት፦ ስለ ሞሊየር ጥቂት

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ቅዳሜ የምናነበው «ታርቱፍ» የተባለውን ተውኔት ነው። ደራሲው ፈረንሳዊው ሞሊየር የጻፈውን ራሱ መድረክ ላይ ወጥቶ የሚተውን ሰው ነበር፤ ይህን ይዛችሁ አንብቡት።

እ.ኤ.አ. በ1622 ፓሪስ ተወለደ። አባቱ የቤተ መንግሥቱን መጋረጃና የወንበር ልብስ የሚያሰናዳ ባለሙያ ነበር። ልጁ ግን በ1643 ከጓደኞቹ ጋር የቴአትር ቡድን አቋቋመ። ቡድኑ ከሰረ፣ እሱም በዕዳ ታሰረ። ከዚያ ለዓመታት በየክፍለ ሀገሩ እየዞረ ተወነ፤ በእኔ ግምት ዋናው ትምህርት ቤቱ ይህ ነው። በ1658 ሉዊ 14ኛ ፊት ሲቀርቡ ትራጀዲው ብዙም አልያዘላቸውም። ንጉሡን ያሳቀው መጨረሻ ላይ ጣል ያደረጓት አጭር ኮሜዲ ናት!

«ታርቱፍ» በ1664 ታይቶ ወዲያው ታገደ፤ ጻድቅ መስሎ የሰው ቤት የሚበዘብዝ ገጸ ባሕርይ ማንን እንደሚያስቆጣ ግልጽ ነው። ሙሉ ፈቃድ ያገኘው በ1669 ነው።

በ1673 በሽተኛ ነኝ ባይ ጤነኛ ሆኖ ሲተውን፣ በእውነት ታሞ መድረክ ላይ አንቀጠቀጠው። በሳቅ ሸፋፍኖ ጨረሰ፤ በዚያው ሌሊት ቤቱ ሞተ። ተዋናይ በመሆኑ ቀሳውስት ስላስቸገሩ የተቀበረው በጨለማ ነው።

ሞሊየር ራሱ የተጫወተውን የኦርጎንን (በታርቱፍ የሚታለለውን የቤቱን ጌታ) ክፍል የሚያነብልን ገና አልተገኘም። ፈቃደኛ የሆናችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።