አግዳሚው ይቆየን፣ ድንጋዩን ስጡን

የሰፈራችን ሰዎች፣ ድሬዳዋ ያላችሁም ከድሬ የወጣችሁም፣ እንደምን ከረማችሁ?

ነሐሴ ላይ የሆነውን አብዛኞቻችሁ በስልክ ተቀባብላችሁ አይታችኋል። በትንሿ ወንዛችን ዳር መዝናኛ የሠራንበት ቦታ ላይ ጎርፉ ሌሊት ነው የመጣው። እኛ ጋ ጠብ ያለ ነገር አልነበረም፤ ዝናቡ የጣለው ከላይ፣ ደንገጎ ተራራ ላይ ነው። ጠዋት ስንወርድ የጋቢዮኑ፣ ማለትም ድንጋይ በሽቦ ሣጥን ሞልተን የደረደርነው የወንዝ ዳር ግድግዳ፣ ግማሹ ወደፊት ተደፍቷል። ሽቦው ውስጥ የተሰነጠቀ ቢጫ ጀሪካን፣ የአንድ ልጅ ነጠላ ጫማ እና የዳማ ጠረጴዛችን እግር ተሰክተዋል። ጠረጴዛው ራሱ እስከ ዛሬ የለም። የደቻቱ ወንዝ ወስዶታል መሰለን።

እውነት ለመናገር ደክሞናል። ይሄ ሦስተኛው የመዋጮ ጥሪያችን ነው። በሁለተኛው የተሰበሰበው አንድ መኪና ድንጋይ እንኳ አልገዛም። «ኮሚቴው በላው» የሚል ወሬም ደርሶናል። እንግዲህ ፊት ለፊት እናውራው።

ገንዘቡ ያለው ጋቢዮኑ ውስጥ ነው። አንዱ ሣጥን ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱና ቁመቱ 1 ሜትር ነው። 2 ሜትር ኩብ ድንጋይ ይውጣል። ሽቦው ይገዛል፣ ድንጋዩ በሲኖትራክ ይመጣል፣ ደርዳሪው ይከፈለዋል። የቀረውን ጉልበት እናንተው በነፃ ሰጥታችኋል። የሻዩን የከፈልነው ከኪሳችን ነው። ደረሰኙ በሙሉ ክላሰር ውስጥ ገብቶ ዕድር ቤት ተቀምጧል። መጥቶ ያገላበጠው እስካሁን ሁለት ሰው ነው። ሁለቱም የኮሚቴው አባላት ናቸው።

ጥፋት የለብንም አንልም። አሸዋ ላይ የቆመ ግድግዳ ፊቱን ተመትቶ አይደለም የሚወድቀው። ውሃው ከሥሩ አሸዋውን እየላሰ ባዶ ሲያስቀረው ነው የሚደፋው። ለዚህ ነው ከግድግዳው ፊት እንደ ምንጣፍ የሚዘረጋ ጋቢዮን የሚያስፈልገው። እኛ ግን ብር ሲያጥረን እሱን አቆይተን አግዳሚ ሠራን። ምክንያቱም ለአግዳሚ የሚሰጥ ሰው ሞልቷል። የእናቱን ስም ያስጽፍበታል፣ ፎቶ ይነሳበታል። መሬት ውስጥ ለሚቀበር ድንጋይ ማን ስም ያስጽፋል? ዘንድሮ ተማርን። ከሥሩ እንጀምራለን።

«ወንዙን ካጸዳችሁ አይበቃም ወይ፣ መዝናኛ ምን አደረገ?» የምትሉም አላችሁ። ሞክረነዋል እኮ! ሁለት ጊዜ ቆሻሻውን በጋሪ አውጥተን ጨረስን። ብዙም ሳይቆይ ፌስታሉና የጫት ገራባው ተመልሶ ቦታውን ያዘ። ኒም ዛፉ ሥር አግዳሚ ከተቀመጠ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ፀሐይ ስትበርድ የምድር ባቡር ጡረተኞች ዳማቸውን ይዘው ይሰየማሉ። ጠጠሩ ቆርኪ ነው። ፌስታል አንጠልጥሎ ብቅ ያለ ሰው የሚወርድበትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ቆሻሻ አይደፋም፤ ዘበኛ ቀጥረን ይህን አናገኝም ነበር።

ሁሉም አልሄደም ደግሞ። ኒሞቹ ከሁለቱ በቀር ቆመዋል። ቬቲቨር ሣሩም አለ። ሥሩ እስከ 3 ሜትር ወደ ታች ስለሚወርድ፣ ጋቢዮኑ በተደፋበት ቦታ እንኳ እሱ የያዘው አፈር አልተነቃነቀም።

ከግድግዳው ቀጥሎ የምንሠራው የእግር መንገድ እና ለልጆች ዥዋዥዌ ነው፤ ሁለቱም ከዳር፣ ከፍ ብለው። ወንዙ መሀል ምንም አንገነባም። ልጆቹ አሸዋው ላይ ኳሳቸውን ይጫወቱ፣ ክረምት ሲመጣ ጎሉን ነቅለው ይውጡ።

ስለ ጎርፍ ለድሬ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን። የእኛዋ ስም እንኳ የላትም፣ ወደ እሱ የምትገባ ትንሽ ወንዝ ናት። ግን ግድግዳው ከተደፋበት ፊት ለፊት ቤቶች አሉ፣ ሰው ይተኛባቸዋል። የበልጉ ዝናብ መጋቢት ላይ ይጀምራል። ከዚያ በፊት ካልደረደርን የቀረውም ይሄዳል።

ሙስሊም ወንድምና እህቶቻችን፣ ሰደቃ ጃሪያ፣ ምንዳው የማይቋረጥ ምጽዋት፣ ምን እንደሆነ ከእኛ በላይ ታውቃላችሁ። ታኅሣሥ 19 ለቁልቢ የምትመጡም ስለታችሁን ለገብርኤል አግቡ፣ በመመለሻችሁ ግን በእኛም በኩል እለፉ። ብር የሌለው በጉልበት ይምጣ። አካፋ ያለው አካፋውን ይዞ ይምጣ።

አደራ፣ ገንዘቡ በኮሚቴው ስም በተከፈተው የባንክ ሂሳብ ብቻ ይግባ። ቁጥሩ ዕድር ቤቱ በር ላይ ተለጥፏል፤ ሩቅ ያላችሁ እዚህ ያለ ዘመዳችሁን ልካችሁ አስነብቡ። ከሦስቱ ፈራሚዎች ሁለቱ ካልፈረሙ አንድ ብር አይወጣም። በግለሰብ ስልክ በቴሌብር አትላኩ፣ «ኮሚቴው ልኮኝ ነው» ብሎ ቤት ለቤት ለሚዞርም አትስጡ። እኛ ማንንም አልላክንም።

ደግሜ ልበለው፦ የኮሚቴው ሂሳብ ብቻ፣ ቁጥሩ ዕድር ቤቱ በር ላይ። ካስገባችሁ በኋላ ደረሰኙን ፎቶ አንስታችሁ ለጸሐፊው ላኩ፣ ክላሰሩ ውስጥ ይገባል። ባንክ ስትሞሉ ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ ደግሞ «ድንጋይ» ብላችሁ ጻፉ።