ሐይቁ የሁሉም ነው፤ ያ ጠዋት ግን የልጁ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፤

ባለፈው ሳምንት በኪነ ጥበብ ዓምዳችሁ ላይ ያልተቀዳ ጥበብ እንደሌለ የሚከራከር ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው፣ ሠዓሊ ሁሉ ከሌላ ሠዓሊ ስለሚወስድ፣ ሥራዬን ኮረጁብኝ የሚል ሰው ከቅናት ወይም ካለማወቅ እንደሚናገር ይነግሩናል። የአባባላቸው የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው፤ እኔም ለተማሪዎቼ ስናገረው ኖሬያለሁ። ሁለተኛው ግማሽ ግን አስቆጥቶኛል፤ በዚሁ አነጋገር እዚህ ሐዋሳ ውስጥ አንድ ወጣት ሲበደል አይቻለሁና።

ስለ ራሴ ጥቂት ልበል። በዚህች ከተማ ሥዕል ማስተማር ከጀመርኩ 22 ዓመት ሆኖኛል። ከዚያ በፊት ታፔላ ጸሐፊ ነበርኩ፤ የሻይ ቤት፣ የልብስ ስፌት፣ የጋራዥ ታፔላ እጽፍ ነበር። በዚያ ሥራ መቅዳት ነውር አልነበረም። ደንበኛው ጎረቤቱ ያሠራውን አሳይቶ «እንዲህ ያለ ሥራልኝ» ይላል፤ እኔም እሠራለሁ። ስሜን ግን ከሥሩ ጽፌ አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማሪዎቼ አንዱ ብሩሹን ትቶ ወደ ፎቶግራፍ አዘነበለ። ያገለገለ ካሜራ ገዛና ለሁለት ወር ያህል ጎሕ ሳይቀድ እየተነሣ ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ይወርድ ጀመር። ቦታውን የምታውቁት ሰዓቱንም ታውቁታላችሁ፤ ጀልባዎቹ ሲመለሱ፣ አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ ወፎች አንገታቸውን ትከሻቸው ውስጥ ቀብረው የዓሣ ትርፍራፊ ሲጠብቁ። ልጁ ከአንድ አረጋዊ ዓሣ አጥማጅ ጋር ሻይ እየጠጣ ተላመደ። ስማቸውን፣ የልጆቻቸውን ቁጥር፣ መረብ መጠገን ያስተማራቸው ማን እንደሆነ ሳይቀር ያውቃል። ፎቶ ላንሣዎት ብሎ ያስፈቀዳቸው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። በመጨረሻ አንድ ጠዋት የፈለገውን አገኘ። ሽማግሌው የተቀደደውን መረብ ሲጠግኑ ክሩን በጥርሳቸው ነክሰዋል፤ የማለዳ ፀሐይ በመረቡ ውስጥ አልፋ ጥላውን ፊታቸው ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ደርድራዋለች። ፎቶውን ስሙን አስፍሮበት በማኅበራዊ ሚዲያ ገጹ አወጣው፤ ብዙ ሰውም ወደደው።

ከስምንት ወር በኋላ ለአንድ ዘመዴ ሠርግ የመጡ እንግዶችን ልቀበል ወደ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ሄድኩ። በመግቢያው ግድግዳ ላይ ሁለት ሜትር የሚሆን የዘይት ቀለም ሥዕል ተሰቅሏል። ክሩ በጥርስ ተነክሷል። የዓሣ ቅርፊት የሚመስለው ጥላ በዚያው ጉንጭ ላይ አርፏል። አንዱ አባ ኮዳ እግሩን እንዳነሣ ቀርቷል። በግራ በኩል ግማሹ የተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን አለ። ዓይኔ ጀሪካኑ ላይ ሲደርስ ደሜ ፈላ። በፎቶው ላይ ጀሪካኑ የተቆረጠው ልጁ የቆመበት ድንጋይ ከዚያ ወዲያ ወደ ኋላ ስለማያስኬድ ነበር፤ አንድ እርምጃ ቢያፈገፍግ ውኃ ውስጥ ይገባል። ሠዓሊው ግን ሰፊ ሸራ ዘርግቶ፣ ደረቅ ወለል ላይ ቆሞ፣ ማንም ሳያስገድደው፣ የሌላውን ሰው የእግር ማሳረፊያ ጥበት ሳይቀር ቀዳው። የለወጠው ነገር ቢኖር ሰማዩን ትንሽ ማቅላቱ ነው። በቀኝ በኩል ከታች ጎላ ያለ ፊርማ አለ፤ የእርሱ ብቻ።

ፈልጌ አነጋገርኩት። የሚችል ሰው ነው፤ እጁ ከእኔ እጅ ይበልጣል፤ ይበልጥ ያሳዘነኝም ይኸው ነው። «ጋሼ፣ ሐይቁ የእግዜር ነው፤ ዓሣ አጥማጁም የከተማው ሰው ነው። ፎቶው መነሻ ሆነኝ እንጂ ምን ወሰድኩ?» አለኝ። የሽማግሌውን ስም ጠየቅኩት። አያውቀውም።

መልሱ በቁጣ ብቻ የሚታለፍ አይደለም። ሐይቁ በእርግጥ የሁሉም ነው። መረብ የሚጠግን ሽማግሌ መሣል ለማንም አልተከለከለም፤ ነገ አሥር ሠዓሊዎች አሞራ ገደል ወርደው አሥር ሽማግሌ ቢሥሉ ደስታውን አልችለውም። ሕጉም ከዚህ አይርቅም። በ1996 የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ሐሳብን ለብቻው አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው ሐሳቡ የተገለጸበትን ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ፎቶግራፍም ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች አንዱ ነው፤ ዘመኑም 25 ዓመት ነው። አንድን ሥራ ወደ ሌላ መልክ ለመለወጥም የሥራው አመንጪ ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ እርሱ ፎቶ ነው፣ የእኔ ግን ሥዕል ነው ማለት አያዋጣም።

ሕጉን እዚህ ላይ ልተወው። ያንገበገበኝ «መነሻ» የሚለው ቃል ነው። ሰው ከመነሻው ተነሥቶ ይሄዳል። ያልሄደ ሰው፣ እዚያው የተቀመጠ ሰው፣ ምኑን መነሻ አለው?

የዓምዳችሁ ጸሐፊ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችንን ለማስረጃነት ጠርተዋል። ማስረጃው ጥሩ ነው፤ የሚመሰክረው ግን በእርሳቸው ላይ ነው። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ እጆቿን አጣምራ፣ መሐረብ ይዛ የምትታይበት፣ ምስለ ፍቁር ወልዳ የምንለው ሥዕል፣ ሮም በሚገኘው የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ካለው ሥዕል የተነሣ ነው። ቅጂውን ወደ አገራችን ያመጡት ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን ናቸው። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሠዓሊዎቻችን ደጋግመው ሠርተውታል። ነገር ግን ሚካኤልንና ገብርኤልን ሰይፍ አስይዘው በቀኝና በግራ አቆሙ፤ ዓይኑን አሰፉት፤ የልብሱን እጥፋት በራሳቸው መስመርና በራሳቸው ቀለም ሠሩት። የጎንደሩን ሥዕል ቆሞ የሚያይ ምእመን ሮም ትዝ አትለውም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሮም ውስጥ የታተመው የዓረብኛ ወንጌልም እንዲሁ ነው። በእንጨት ተቀርጸው የታተሙት ሥዕሎቹ ቀለም አልነበራቸውም፤ የእኛ የብራና ሠዓሊዎች ሲያገኟቸው ግን ቀይና ቢጫ ለበሱ፣ መልካቸውም ተለወጠ። እነዚያ ሠዓሊዎች ተነሥተው ሄደዋል። አብዛኞቹም ስማቸውን እንኳ አልጻፉም።

ከእኛ ዘመን ሰው መጥቀስ ካስፈለገ እስክንድር ቦጎሲያን አሉ። በ1940ዎቹ መጨረሻ ለትምህርት ወደ ለንደን፣ ቀጥለውም ወደ ፓሪስ ሄደው የአውሮፓን ዘመናዊ ሥዕል አጠኑ። ከአገራቸው ደግሞ የደብተራው የብራና ክታብ፣ በክታቡ ላይ የሚሣለው ጠልሰምና አፍጥጠው የሚያዩት ዓይኖቹ አብረዋቸው ነበሩ። ሁለቱን አገናኝተው የሠሩትን ሥራ ደብተራው አልሠራውም፤ የፓሪስ ሠዓሊም አልሠራውም።

በዚህ ጉዳይ ከሁሉ ጥብቅ ሆኖ ያገኘሁት የቅኔ ቤት ነው። አባቴ ቅኔ ተምረው ነበርና ወጉን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። ተማሪው መጀመሪያ የመምህሩን ቅኔ ይነጥቃል፤ መምህሩ ሲናገሩት በጆሮው ተቀብሎ በቃሉ ይይዛል ማለት ነው። ይህ መቅዳት ነው፤ የተፈቀደ ብቻ ሳይሆን የታዘዘ መቅዳት ነው። ከዚያ ከጓደኞቹ ርቆ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይቆጥራል፤ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ የራሱን ይሠራል። በመጨረሻም በሰው ፊት ቆሞ ይዘርፋል። ቋንቋችን ለዚህ የመረጠውን ቃል ልብ በሉልኝ። ቅኔ ዘረፈ የምንለው ሰው ከማንም የወሰደ አይደለም፤ ትናንት ያልነበረ ቅኔ ዛሬ ያመጣ ነው። በነጠቀው ቅኔ ዘረፍኩ ያለ ተማሪ ግን፣ አባቴ እንደሚሉት፣ ዓመቱን ሙሉ ቀና ብሎ አይሄድም ነበር። ማንም አልከሰሰውም። አዋጅም አልነበረም። ጉባኤው ያውቅበት ነበር።

እኔም በዚሁ ወግ ነው የማስተምረው። ጀማሪ ተማሪዎቼን የታላላቅ ሠዓሊዎችን ሥራ አስቀዳቸዋለሁ፤ ሳይቀዱ እጅ አይፈታም። የሎሬት አፈወርቅ ተክሌን ሥራ የቀዳ ተማሪ ከወረቀቱ ጀርባ «ከአፈወርቅ ተክሌ የተቀዳ» ብሎ ሳይጽፍ ከክፍል አይወጣም። እርሳቸው ያረፉት በ2004 ነው፤ ጥበቃው አመንጪው ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ስለሚቆይ ገና እስከ 2054 ይዘልቃል። የሥራቸውን ቅጂ ግን የሠዓሊው ስም ሳይጠቀስ በስንት ግድግዳ ላይ እንዳየሁ ቆጥሬ አልጨርሰውም።

አንድ ጊዜ ተሳስቼ ሰው አሳዝኛለሁ፤ እርሱንም መናገር ይገባኛል። አንዲት ተማሪዬ የሐይቅ ዳር ሾላ ሥላ መጣች፤ ሌላ ቦታ ካየሁት ሥዕል ጋር በጣም ይመሳሰል ነበር። በክፍል ፊት «ከየት ነው ያመጣሽው?» አልኳት። ምንም ሳትመልስ ሄዳ በማግስቱ ደብተሯን ይዛ መጣች። አርባ ገጽ ሙሉ ያው ሾላ፤ በጠዋት፣ በቀትር፣ ቅርንጫፉ ተቆርጦ፣ ሥሩ ብቻ፣ ፍየሎች ተጠልለውበት። ያንን ሌላ ሥዕል ፈጽሞ አላየችውም ነበር። በክፍል ፊት ስለከሰስኳት በክፍል ፊት ይቅርታ ጠየቅኳት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሥዕል ስለተመሳሰለ ብቻ ማንንም አልጠረጥርም። የምጠይቀው ደብተሩን ነው። ተነሥቶ የሄደ ሰው የሄደበት መንገድ አለው፤ የሳተው መስመር፣ የቀደደው ወረቀት፣ የተወው ቀለም አለው።

ያንን ሠዓሊም ንድፍህን አሳየኝ አልኩት። ያወጣልኝ የልጁን ፎቶ ነው፤ በትልቁ ታትሞ፣ በእርሳስ ካሬ በካሬ ተሠምሮ፣ ቁጥር ተሰጥቶት። ከታች የነበረው የልጁ ስም በመቀስ ተቆርጧል። በሰው ወርቅ አይደመቅም ሲባል የሰማነው ሁሉ የሚገባን እንዲህ ያለውን ስናይ ነው። የእውነት መነሻ ሆኖት ቢሆን ኖሮ ስሙን ለምን ይቆርጠዋል? ከሥዕሉ ጀርባ አንድ መስመር ጽፎ፣ ልጁን ጠርቶ «ፎቶህን አይቼ ይህን ሠራሁ፣ ትፈቅዳለህ?» ቢለው ልጁ በደስታ ይፈቅድ ነበር። ጠባዩን አውቀዋለሁ።

እርግጥ ድንበሩ ሁልጊዜ እንዲህ ጥርት ብሎ አይታይም። የሲዳማን ቤት የቀርከሃ አሠራር ወይም የጥልፍ ሐረግ ሸራው ላይ ያኖረ ሠዓሊ ማንን ያስፈቅድ? ሠሪው ሕዝብ ነው፤ እኔ ቢያንስ የማን እንደሆነ ይጻፍ እላለሁ። ትዝታን ስንቱ ዘፈነው፤ ቅኝቱ የጋራ ነው፣ ግጥሙና አዜማዜሙ ግን የየራሱ ነው። በእነዚህ ላይ ብንከራከር መልካም ክርክር ነው። በመቀስ የተቆረጠ ስም ላይ ግን ምን ክርክር አለ?

የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ደግ ሰው ናቸው። ነገሩን ሳስረዳቸው «እኔ ገንዘቤን ከፍዬ ገዛሁ፣ ምን አውቃለሁ?» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። ከሥዕሉ ሥር የልጁ ስም ያለበት ትንሽ ካርድ ይለጠፍ ብዬ ለመንኳቸው፤ ሠዓሊው ከፈቀደ ብለዋል። እስከ ዛሬ አልተለጠፈም። ልጁን ክሰስ ያሉት ነበሩ፤ አልፈለገም። እርሱ የሚጠይቀው የራሱና የሽማግሌው ስም እንዲጻፍ ብቻ ነው። ለሦስት ወር ያህል ካሜራውን አልነካም፤ ሊሸጠውም ገዢ ሲያፈላልግ ነበር። አሁን እንደገና ጀምሯል፤ ሥራዎቹን ግን ለማንም አያሳይም። ሐዋሳ ያጣችው ይህንን ነው፤ ማለዳዋን እንደዚያ ያየላት ልጅ አሁን ያየውን ይደብቃል።

ክቡር አዘጋጅ፣ ለእናንተም አንድ ነገር አለኝ፤ በዚህ ቅር አትሰኙብኝ። ያ ጽሑፍ በወጣበት ገጽ ላይ ትልቅ የሐይቃችን ፎቶ አትማችኋል። ጀልባ፣ ጭጋግ፣ ከሩቅ የሚታይ ተራራ። ያነሣው ሰው ብርድ ላይ ቆሞ የጠበቀ ለመሆኑ ፎቶው ራሱ ይናገራል። ከሥሩ የጻፋችሁት ግን «ፎቶ፦ ከማኅበራዊ ሚዲያ» የሚል ነው። ማኅበራዊ ሚዲያ ካሜራ ይዞ ሐይቅ ዳር አይቆምም። ያነሣውን ሰው ፈልጋችሁ አግኙትና በሚቀጥለው እትም፣ በዚያው ገጽ ላይ፣ ስሙን አትሙልን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሥዕል መምህር፣ ከሐዋሳ