የሃምሳ አለቃ ልጄን ኮሎኔል አድርጋችሁ መለሳችሁልኝ

ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ለፎቶ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ያለፈቃዴ የተለወጠው የልጄ ፎቶ እንዲታረምና ዋናው ፎቶ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

እንደምን ሰነበታችሁ። በቃል ያልኩት ስላልተሰማ በጽሑፍ አደረግሁት። ባንኮኒው ጋ ያሉት ልጆች ጨዋዎች ናቸው። ወንበር ይስቡልኛል፣ ውሃ ያቀርቡልኛል። ግን አፌን ስከፍት «እማማ፣ አሳምረንልዎት እኮ ነው» ይሉኛል። እኔ መቼ አሳምሩልኝ አልኩ?

ደረሰኙ እጄ ላይ ነው። በእናንተው ሰው እጅ «ማስፋት፣ 50 በ70፣ ከነፍሬሙ» ተብሎ ተጽፏል። ሌላ ቃል የለበትም። ቀብዱን የከፈልኩትም፣ ቀሪውን የጨረስኩትም ለዚሁ ነው። ልጄ ያረፈው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ ዘንድሮ አሥረኛ ዓመቱ ነው። ዘመድ አዝማድ ይመጣል፣ ጓደኞቹም ይመጣሉ። ሳሎን የሚሰቀል ትልቅ ፎቶ ይኑረን ብለን ነው ወደ እናንተ የመጣነው።

ወረቀቱን ስትገልጡት ለአፍታ የሌላ ሰው ዕቃ ያመጣችሁብኝ መስሎኝ ነበር።

ልጄ ሃምሳ አለቃ ነበር። እናንተ ትከሻው ላይ ኮከብ ደርድራችሁ፣ ወርቃማ ጠርዝ ያለው ኮፍያ ደፍታችሁ፣ ደረቱን በሜዳሊያ ሞልታችሁ ከሥሩ «ኮሎኔል» ብላችሁ ጽፋችሁበታል። ሆለታ የሠለጠኑ ጡረተኛ ሻምበል ጎረቤት አሉኝ። መነጽራቸውን አድርገው እያንዳንዱን ሜዳሊያ አዩት። የሚያውቁት አንድም አላገኙም። «እትዬ፣ ይሄ ልብስ የየትኛው አገር ጦር ነው?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? ልጆቻችሁን ስጠይቅ ኮምፒዩተሩ ራሱ እንደሚሠራው ነገሩኝ። እንግዲህ ልጄን የሾመው ኮምፒዩተር ነው ማለት ነው።

አሁን ዋናው ፎቶ ላይ ምን እንደነበረ ልንገራችሁ፤ የነካው ልጅ ልብ ብሎ ያየው አይመስለኝም።

ፎቶው የተነሳው አብዬ ነው። ሱዳንና ደቡብ ሱዳን የሚወዛገቡባት መሬት ናት። የጸጥታው ምክር ቤት ሰኔ 20 ቀን 2003 ዓ.ም. በውሳኔ ቁጥር 1990 ሰላም አስከባሪ ጦር ሲያቋቁም፣ እስከ 4,200 ወታደር ይግባ ተብሎ የኛ ልጆች ሄዱ። ልጄ የውሳኔውን ቁጥር ሲሰማ በጣም ነበር የሳቀው። እሱ ብር ሸለቆ ማሠልጠኛ የገባው በ1990 ዓ.ም. ነዋ! «እማዬ፣ የኔን ዓመት ወሰዱት» አለኝ በስልክ።

ፎቶው ላይ ሰማያዊ ቤሬት አድርጓል። የሰላም አስከባሪ ቤሬት ነው፤ ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። እናንተ ያንን አውልቃችሁ ነው የወርቅ ኮፍያ የደፋችሁለት። ደረቱ ላይ አንድ ሜዳሊያ ብቻ ነበረች። የተባበሩት መንግሥታት ሜዳሊያ ናት፤ ግዳጅ ላይ 90 ቀን ያገለገለ ወታደር ተሰልፎ ይቀበላታል። ጀርባዋ ላይ በእንግሊዝኛ «ለሰላም አገልግሎት» የሚል ተቀርጾባታል። ዛሬም ቁም ሳጥኔ ውስጥ በካልሲው ተጠቅልላ አለች። ልጄ በዚያች በአንዷ ይኮራ ነበር። እናንተ ግን አንዷን አጥፍታችሁ ስም የሌላቸውን ደረደራችሁበት።

ከኋላው ነጭ የተባበሩት መንግሥታት መኪና ቆሞ ነበር፤ ጎማው እስከ ግማሹ ጭቃ ነው። አብዬ መረሬ አፈር ነው። ክረምት ሲገባ መኪና እንደሚውጥ፣ ሲገፉ እንደሚውሉ ሲነግረኝ «አንተ ገበሬ ሳትሆን ከመረሬ ጋር ምን አገናኘህ» እለው ነበር። በበጋ ደግሞ የሚሴሪያ አርብቶ አደሮች ከሰሜን ከብቶቻቸውን እየነዱ ይመጣሉ። ነዋሪዎቹ ንጎክ ዲንካዎች ናቸው። ሁለቱ እንዳይጋጩ መሐል ላይ መቆም ነበር ሥራው። የዲንካ በሬ ቀንዱ የትየለሌ እንደሆነ ሲያወራ አይጠግብም ነበር። ያ ጭቃና ያ መኪና የት ሄደ? በቦታው የሚውለበለብ ባንዲራና ክንፉን የዘረጋ ንስር አስገብታችሁበታል። ባንዲራውንስ እንወደዋለን። ንስሩ ምን ሊሠራ መጣ?

ወደ ፊቱ ልምጣ። በግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ነበረው። በልጅነቱ የጎረቤት ኮክ ሊሰርቅ አጥር ላይ ወጥቶ ወድቆ ነው። ደሙ ልብሱን አርሶት ሲገባ አንድ ኮክ በእጁ እንደጨበጠ ነበር፤ አለቀቀውም። ሲቀጠር ፎርም ላይ «ልዩ ምልክት» የሚለው ቦታ የተሞላው በዚያ ጠባሳ ነው። እኔም ያኔ የባድመ ጦርነት ላይ እያለ፣ እግዜር አያድርገውና የሆነ ነገር ቢመጣ የምለየው በሷ ነው ብዬ ሌሊት ሌሊት አስብ ነበር። እናት ስትሆኑ የምታስቡት ነገር ብዙ ነው። እናንተ በአንድ ቀን ጠርጋችሁ አጠፋችኋት። ቆዳውንም አቅልታችሁ፣ ከንፈሩን አለስልሳችሁ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ያገለገለውን ወታደር የማስታወቂያ ልጅ አስመሰላችሁት።

ኮሎኔል መባሉን ለምን እንደጠላሁት ልጆቻችሁ አልገባቸውም። «ማዕረግ ጨመርንለት እንጂ አልቀነስንበት» አለኝ አንዱ። እንግዲህ ስሙኝ። ልጄ ሥራው ወታደርነት ነበር። የገባው ባድመ ስትያዝ በዘመቻ ስሜት ነው፤ እውነት ነው፤ እንደሱ የገባ ብዙ ነው። በየካቲት 1991 ዓ.ም. ባድመ በተመለሰችበት «ዘመቻ ፀሐይ ግባት» ላይ ነበር። ሰኔ 1992 ዓ.ም. ተኩስ ሲቆም፣ ታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. የሰላም ስምምነቱ አልጀርስ ላይ ሲፈረም፣ በቃ ተመልሶ ትምህርቱን ይቀጥላል ብዬ ጠበቅኩ። እኔ አስተማሪ ነበርኩ፤ ኮሌጅ ሲገባ ነበር የሚታየኝ። እሱ ግን እዚያው ቀረ። ላይቤሪያ ሄደ፣ ተመለሰ፣ አብዬ ሄደ። ፈቃድ ሲመጣ እንኳ አልጋ አስነጥፌለት ጠዋት መሬት ላይ ተኝቶ አገኘዋለሁ። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ተነስቶ ግቢውን ይጠርጋል። ከስክስ ጫማውን በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ሲወለውል እንትፍ ይልበታል፤ እኔ እቆጣለሁ፤ እሱ ይስቃል።

ለመኮንንነት ኮርስ ታጭቶ ነበር። አልሄደም። ተናድጄ «ሰው ማደግ ይጠላል እንዴ?» ብለው «እማዬ፣ እኔ ከልጆቹ ጋር ነኝ» አለኝ። ልጆቹ የሚላቸው በሥሩ ያሉትን ወታደሮች ነው። የማን ሚስት እንደወለደች፣ የማን አባት እንደታመመ፣ ማን ደመወዙን በቁማር እንደጨረሰ ያውቃል። ሃምሳ አለቃ ማለት እሱ ነው። ከወታደሩ ጋር አንድ ትሪ የሚቀርብ፣ ጠዋት የሚቀሰቅስ፣ ማታ የሚቆጥር። ደግሞ ያልተሰጠውን ማዕረግ ያደረገ ወታደር እንደሚጠየቅ ያወራኝ ነበር። ጓደኞቹ ለመታሰቢያው ቤቴ መጥተው ይህን ፎቶ ቢያዩ ምን ይላሉ? አንዳንዶቹ ይስቁ ይሆናል። አንዳንዶቹ እናትየው አበደች ይላሉ።

ሐምሌ 26 ቀን 2003 ዓ.ም. አብዬ ውስጥ ማቦክ በምትባል ቦታ ፈንጂ ፈንድቶ አራት ኢትዮጵያውያን ሰላም አስከባሪዎች ሲሞቱ፣ ዜናው በሬዲዮ ነው የደረሰኝ። ስም አልተጠራም። ስልኩ አይሠራም። ያን ጊዜ ደውሎ «እማማ፣ ደህና ነው፣ አጠገቤ አለ» ያለኝ አንድ ጓደኛው ነው። ይህን የማነሳው ወድጄ አይደለም። ፎቶው ላይ በልጄ ቀኝ ትከሻ ላይ አንድ እጅ ነበረ። የሰውየው ሌላ አካል ከፎቶው ውጭ ነው፤ የሚታየው እጁና ሰዓቱ ብቻ ነው። የዚያ ጓደኛው እጅ ነው። ልጄ በኋላ በሌላ ግዳጅ ላይ ሲሞት (እንዴት እንደሆነ ለናንተ መናገር አያስፈልገኝም) ሻንጣውን ይዞልኝ የመጣውም እሱ ነው። እስከ ዛሬ ለፋሲካም ለመስቀልም ይደውላል። ለመታሰቢያውም ይመጣል። እናንተ እጁን ቆርጣችሁ በቦታው የኮሎኔል ማዕረግ ለጠፋችሁ። ያ ጓደኛው ግድግዳው ላይ እጁን ሲፈልግ ምን ልበለው?

ጽሑፉም ይቅርብኝ። ከታች በወርቅ ቀለም «ጀግና አይሞትም» ብላችኋል። ማን ጻፉ አላችሁ? የኔ ሞቷል። ደግሞ የአባቱን ስም ፊደል ተሳስታችኋል። ዕድሜዬን ሙሉ የተማሪ ደብተር በቀይ እስክሪብቶ ያረምኩ ሰው ነኝና ይህችን ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን ዋናው ፎቶ ነው። የሰጠኋችሁ የታጠበ ወረቀት ፎቶ ነው፤ በስልክ የተላከ አይደለም። ሌላ ኮፒ የለኝም። ስጠይቅ አንዴ «ማሽኑ ክፍል ነው»፣ አንዴ «ልጁ ዛሬ አልገባም»፣ አንዴ «ሶፍት ኮፒው እኮ አለ፣ ምን ያደርግልዎታል» ተባልኩ። ጀርባው ላይ የልጄ የእጅ ጽሑፍ አለበት። ሶፍት ኮፒ ጀርባ አለው?

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህ ነው። አስቀድማችሁ ዋናውን ፎቶ ፈልጋችሁ መልሱልኝ። ከዚያ እንዳለ አስፉት። ጠባሳው፣ ቤሬቱ፣ ጭቃው፣ እጁ ይኑር። ብርሃኑ ደብዘዝ ቢል ግድ የለኝም። ጽሑፍ አትጨምሩ። ይህንን ያለተጨማሪ ክፍያ ትሠሩልኛላችሁ፤ ካልሆነ የከፈልኩትን በሙሉ ትመልሳላችሁ። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት አገልግሎት የገዛ ሸማች ይህንን መጠየቅ እንደሚችል የወንድሜ ልጅ ጠበቃው ነግሮኛል። ወደዚያ መሄድ አልፈልግም። ጊዜም ጉልበትም የለኝም። ካስገደዳችሁኝ ግን እሄዳለሁ።

የሠራችሁትን ኮሎኔል ይዤ እመልስላችኋለሁ። እባካችሁ የሥራ ናሙና ብላችሁ መስኮት ላይ እንዳትሰቅሉት፤ በፌስቡክና በቴሌግራም ገጻችሁም እንዳትለጥፉት። ፈቃድ አልሰጠሁም። ከኮምፒዩተራችሁም ይጥፋ።

ያሳመረውን ልጅ አትቆጡት። ክፉ አስቦ እንዳላደረገው አውቃለሁ። ግን ከእንግዲህ የሰው ፎቶ ከመንካቱ በፊት ባለቤቱን ይጠይቅ።

መታሰቢያው ታኅሣሥ 19፣ በገብርኤል ዕለት ነው። ከዚያ በፊት መድረስ አለበት። ዋናውን ፎቶ በመልእክተኛ እንዳትልኩብኝ፤ ሲገኝ ደውሉልኝና ራሴ መጥቼ እወስዳለሁ። ስልኬ ደረሰኙ ላይ አለ።

ከአክብሮት ጋር
የሃምሳ አለቃው እናት