ለአባባ፣ ከኪባሌ ጫካ፣ ዩጋንዳ

ይድረስ ለአባባ፦

እንዴት ሰነበቱልኝ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉንፋን ብቻ ይዞኛል። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አፍንጫዬ ስለሚፈስ ጫካ እንዳልገባ ተከልክያለሁ። ክፍሌ ውስጥ ቁጭ ብያለሁ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ምክንያት አጥቼ ስገፋው የቆየሁትን ደብዳቤ ጉንፋኑ አስጀመረኝ።

"ለጉንፋን ይሄን ያህል?" እንደሚሉ ይታየኛል። የኛ በሽታ ቺምፓንዚዎቹን ይይዛቸዋል አባባ። እ.ኤ.አ. በ2013 እዚሁ ካኒያዋራ ባለው መንጋ ሳል ገባ። ከ56ቱ 5ቱ ሞቱ። በኋላ ሲመረመር ሰው ላይ ተራ ጉንፋን የሚያመጣ ዓይነት ቫይረስ ሆኖ ተገኘ። እኔ ንፍጤን ጠርጌ የማልፈው ነገር እነሱን ይገድላል። ስለዚህ ጤነኛ ስንሆን እንኳ ማስክ አድርገን፣ ራቅ ብለን ነው የምናያቸው።

ለዕድርተኛው "ዝንጀሮ ትጠብቃለች" እያሉ እንደሚነግሩ እትዬ አጫውታኛለች። ይሁን። በዚህ ጫካ 13 ዓይነት የጦጣና የዝንጀሮ ዘር አለ፤ ለእርስዎ ሁሉም ዝንጀሮ ነው። ሥራዬን ግን ልንገርዎት። ሌሊት 11 ሰዓት እነሳለሁ። ቺምፓንዚዎቹ በየማታው ዛፍ ላይ ቅርንጫፍ አጥፈው አዲስ አልጋ ይሠራሉ። ጎህ ሳይቀድ ከሥሩ ቆመን እንጠብቃቸዋለን። ሲነቁ መጀመሪያ የሚያደርጉት እርስዎም የሚያደርጉትን ነው፤ ሽንታቸውን ይሸናሉ። እኔ ደግሞ ከቅጠሉ ላይ እየመጠጥኩ ብልቃጥ ውስጥ አጠራቅማለሁ። መታመም አለመታመማቸው ከሱ ይታያል። ስንት ዓመት የእንስሳት ሕክምና አስተምረውኝ ሽንት ለቃሚ ሆንኩልዎት። ይሳቁ፣ አልቀየምም።

ሌላው ሥራ ወጥመድ መልቀም ነው። ለድኩላና ለጫካ አሳማ የተጠመደ ሽቦ የቺምፓንዚ እጅ ይዞ ያስቀራል። አንዲት እናት አለች፣ ቀኝ መዳፍ የላትም። በአንድ እጇ ዛፍ ትወጣለች፣ ልጇንም ተሸክማ ትዞራለች። አጥማጁን እንዳልረግመው ደግሞ እሱም ለልጆቹ ሥጋ ፈልጎ ነው። ሽቦውን ፈትቼ ቦርሳዬ ውስጥ እከታለሁ፣ ዝም እላለሁ።

የገዙልኝ ቦቲ እስካሁን ጠብታ ውሃ አላስገባም። በጡረታ ብር እንደገዙት አውቃለሁ። ያኔ አመሰግናለሁ አላልኩም፤ አሁን ብያለሁ።

ጉሬዛም እዚህ ሞልቷል። ነጭ ጭራውን አንጠልጥሎ ቅርንጫፍ ላይ ሲቀመጥ ከእማሆይ አልጋ ራስጌ የነበረው ቆዳ ትዝ ይለኛል። እማሆይን ካነሳሁ አይቀር ልጨርሰው።

ሁለተኛ ዓመት ነበርኩ። ስደውል "ተኝተዋል" ትሉኝ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ተኝተዋል። ሰኔ ላይ ነጠላ ገዝቼላቸው መጣሁ። ጎረቤት ወስዳችሁ አሳደራችሁኝና ሌሊት መርዶ ነገራችሁኝ። አርባቸው እንኳ ወጥቶ ነበር። "ፈተናሽ እንዳይበላሽ ብለን ነው" አሉኝ። ፈተናውን አልፌያለሁ አባባ። ቢ ነው ያገኘሁት። ያቺ ነጠላ አሁንም ሳጥኑ ውስጥ አለች አይደል? እትዬ ልልበሳት ስትል እንቢ ያሏት እርስዎ ነዎት። እሱን ስሰማ ትንሽ ለስልሼልዎት ነበር።

ባለፈው እሁድ ማሙሽ ስልኩን ነጥቆ "አባባ ሆስፒታል አፍንጫቸው ላይ ቱቦ አደረጉላቸው" አለኝ። ወዲያው ኔትወርክ ጠፋ። እትዬ አጠገብ ሲሆን የመጥፋት ልማድ አለበት። መልሼ ስደውል "ተኝተዋል" አለችኝ።

ይቺን ቃል ከየት እንደማውቃት ያውቃሉ።

እዚህ አንድ ቺምፓንዚ ካሳለ ማን እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንዳሳለ ቅጽ ላይ ይጻፋል። ማታ ቁጭ ብዬ የምሞላው እኔ ነኝ። የአባቴን ሳል ግን ከስድስት ዓመት ልጅ ሰማሁ። አኩርፌ አይደለም። አዎ፣ አኩርፌም ነው።

ሐኪሙ ምን አለ? ራጅ ተነሱ? አክታ ሰጡ? ከሰል በተቀጣጠለበት ክፍል አይቀመጡ፤ ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ። ሲጋራውን ትተዋል ብዬ አምናለሁ፤ እትዬ ጃኬትዎን ስታጥብ ኪሱ ውስጥ ያገኘችውን አላነሳም። በሷ አካውንት ትንሽ ብር አስገብቻለሁ። ለመድኃኒት ነው፤ ለዕድር መዋጮ እንዳያደርጉት።

ኢንተርንሺፑ የሚያልቀው ጥር ላይ ነው። ከኢንቴቤ አዲስ አበባ የሁለት ሰዓት ያህል በረራ ነው። ያኔ ከካምፓስ እናንተ ጋ ለመድረስ ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ላይ እውል ነበር። ሩቅ ናት ብላችሁ ለኔ አትወስኑልኝ። ሐኪሙ እስከ ጥር ምንም አይልም ካለ እስከ ጥር። ካላለ ግን… እንዲያው ንገሩኝ።

ቅዳሜ ማታ እደውላለሁ። ስልኩን እርስዎ ራስዎ ያንሱት፣ ለእትዬ አይስጡብኝ። ሳሉ ከመጣብዎትም ስልኩን አያርቁት።

ልጅዎ