ለልጄ፦ ቦሎቄው ይንተክተክ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ያው ነው። ወንድምሽም ደህና ነው፤ ባጃጁን ሸጦ ሌላ ባጃጅ ገዛ፤ ልዩነቱ አልገባኝም። ድሬ እሳት ሆናለች። ይህን የምጽፍልሽ ከምሳ በኋላ ነው። ሰፈሩ በሙሉ በሩን ዘግቶ ተኝቷል፤ እኔን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ምክንያቱ አንቺ ነሽ።

በስልክ ያልነገርኩሽ ስለምታቋርጪኝ ነው። "እማዬ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ" ትያለሽ። ወረቀት ግን አይቋረጥም።

አክስትሽ ደውላልኝ ነበር። እንደ ቀልድ ነው የነገረችኝ። ዓርብ ዕለት ለቢሮ ጓደኞችሽ ያንን የስኳር ድንችና የቦሎቄ ጥቅልል ጋግረሽ ወሰድሽ አሉ። የጾም ነው፣ ያምራል፣ ልክ እንደ ሙሸበክ ጣፋጭ ዞሮ ዞሮ መሃሉ ላይ ያልቃል። ሰው ተሻምቶ በላው። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ አራት ሰው ሽንት ቤት በር ላይ ተሰለፈ። ማታ ላይ ሁሉም ዳኑ። እስከዚህ ድረስ ሳቅኩ፤ አልዋሽሽም። "ሰዉ ግን ያሳመመን ሻይ የምታፈላዋ ልጅ ውሃ ነው አለ፤ ያንቺ ልጅ ተረፈች" ስትለኝ ሳቄ ጠፋ።

መጀመሪያ ስለ ቦሎቄው ልንገርሽ። ሌላውን እመለስበታለሁ።

ቀይ ቦሎቄ ጥሬውን መርዝ አለው። ሌክቲን ይሉታል። ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት ያስረዳችኝ፣ ከረፈደ በኋላ። በደንብ ያልበሰለ አራት አምስት ፍሬ ይበቃል። ከተበላ በኋላ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ማስመለስ ይጀምራል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ያስቀምጣል። ከዚያ በ3 ወይም በ4 ሰዓት ውስጥ እንደ አመጣጡ ይሄዳል። የጓደኞችሽን ነገር ስሰማ ሐኪም አላስፈለገኝም። የውሃ በሽታማ እንዲህ በሰዓቱ መጥቶ በሰዓቱ አይሄድም።

የሚገርመው ደግሞ ይሄ ነው። ለዘብ ባለ እሳት ሞቅ ሞቅ ያለ ቦሎቄ ከጥሬው ይብሳል። 80 ዲግሪ ላይ ብቻ የቆየ ቦሎቄ መርዙ ከጥሬው እስከ አምስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል አለችኝ። ስለዚህ ቦሎቄው ይንተክተክ። ሌሊቱን ዘፍዝፊው፣ የዘፈዘፍሽበትን ውሃ ድፊው፣ በአዲስ ውሃ ጣጂው። ድስቱ ክዳኑን እያንኳኳ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይንተክተክ፤ እኔ 30 አደርገዋለሁ። ከዚያ በኋላ እሳቱን ቀንሰሽ እስኪለሰልስ ቀቅዪው። ቅደም ተከተሉን አታዛቢ።

"ኦቨን ገብቷል እኮ እማዬ" እንደምትይ አውቃለሁ። የኦቨኑ 200 ዲግሪ የሊጡ ነው። ሊጡ ውስጥ ተጠቅልሎ የተኛው ቦሎቄ በ20 ደቂቃ ሞቀ እንጂ አልፈላም። ኦቨን ጥፋት አይሸፍንም።

ሌላው ችግር አዲስ አበባ ነው። አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ምድር ባቡር ወርክሾፕ እያለ ለሥራ አዲስ አበባ ወጥቶ ሲመለስ ሁሌም ስለ ሻዩ ያማርር ነበር። "የእነሱ ውሃ ይፈላል እንጂ አይፋጅም" ይል ነበር። ጉራ ይመስለኝ ነበር፤ የድሬ ሰው ሲባል ያው ታውቂዋለሽ። ለካ እውነት ነው። ከፍታ ሲጨምር ውሃ በትንሽ ሙቀት ይፈላል። እዚህ ድሬ 1200 ሜትር አካባቢ ነን፤ ውሃችን 96 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። እናንተ 2300 ሜትር አልፋችኋል፤ የእናንተው 92 ላይ ይንተከተካል። እዚህ በአንድ ሰዓት ተኩል የሚበስለው ቦሎቄ እዚያ ሁለት ሰዓት አልፎትም መሃሉ ድንጋይ ሊሆን ይችላል። ያንቺ ጥፋት እዚህ ጋ ይመስለኛል፤ በእኔ ሰዓት ቀቅለሽ አወጣሽው። ፕሬዠር ኩከር ግዢ። ብር ከሌለሽ ንገሪኝ፤ ለወንድምሽ ግን እንዳትነግሪው።

መብሰሉን በዓይን አትፍረጂ። ከላይ የተኙትን ፍሬዎች አትመኚ። ከድስቱ ሥር አምስት ፍሬ አውጥተሽ አንድ በአንድ ንከሺ። አንዷ እንኳን ቀጭ ካለች መልሺው፣ ይንተክተክ።

ስኳር ድንቹን ቀቅለሽው ከሆነ እሱም ስህተት ነው። የተቀቀለ ውሃ ይይዛል፣ ሊጡን ያረጥባል፣ ጥቅልሉ ሥሩ ጭቃ ይሆናል። ከነልጣጩ ኦቨን ውስጥ ክተቺው፤ ሹካ ሲገባበት ሳይታገል እስኪቀበል ድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከዚያ ልጠሽ ጨፍልቂው። ያ ውስጡ ብርቱካን የሚመስለው ዓይነት መልኩ ያምራል፣ ለዓይንም ጥሩ ነው ይላሉ፣ ግን ውሃ ይበዛዋል። የሐረርጌው ነጩ ደረቅ ነው፤ ሊጥ ላይ ጨዋ ሆኖ ይቀመጣል። እኔ ግማሽ በግማሽ አደርገዋለሁ። ግማሽ ኪሎ ስኳር ድንች፣ አንድ ስኒ ሳይሆን አንድ የሻይ ብርጭቆ ደረቅ ቦሎቄ ይበቃል። ሽንኩርቱ ደህና ቡናማ እስኪሆን ይቁላላ። ነጭ ሽንኩርት፣ ከሙን፣ ድንብላል፣ ጨው። ቃሪያ እንደ አፍሽ። ከእሳት ካወረድሽው በኋላ ግማሽ ሎሚ ጭመቂበት፤ አለበለዚያ ጣፋጩ ያሰለቻል። ቦሎቄውን ሙሉ በሙሉ አትጨፍልቂው፤ ግማሹ ጥርስ ላይ ይምጣ።

ሊጡ ቀላል ነው። ሦስት ብርጭቆ የፉርኖ ዱቄት፣ ግማሽ ብርጭቆ ዘይት፣ ጨው፣ ለብ ያለ ውሃ። አሽተሽ ግማሽ ሰዓት አሳርፊው። ከዚያ ስስ አድርገሽ ዳምጪው።

መዳመጫዬን ታስታውሺዋለሽ አይደል? ያ ጫፉ የተገመሰው። የአያትሽ ነው እያልሽ ለጓደኞችሽ የምታወሪለት። የአያትሽ አይደለም። ይህንን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለአባትሽም ጭምር።

ነሐሴ 1985 ነው። የወንድምሽ ክርስትና። ፍልሰታ ስለነበር ድግሱ የጾም ነው። ያኔ የምንኖረው ደቻቱ ወንዝ ዳር፣ በተርታ ከተሠሩት ቤቶች አንዱ ውስጥ ነው። ከጎናችን አንዲት ሴትዮ ነበረች፤ ሳምቡሳ ጠብሳ ባቡር ጣቢያው በር ላይ ትሸጣለች። ሊጧ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ነው፤ ፀሐይ ላይ ብታነሺው ጣትሽ በወዲያ በኩል ይታያል። "ለልጅሽ 100 ሳምቡሳ የኔ ስጦታ ነው" ብላ መዳመጫዋን በብብቷ ይዛ መጣች። እኔ ቤት አብረን አመሸን። የምስር ሳምቡሳ እሷ፣ የቦሎቄ ወጥ እኔ።

አራስ ነኝ፣ ልጁ ያለቅሳል፣ ከሰሉም እያለቀ ነው። ሌላ ከሰል ልቀጥል ብዬ አሰብኩ፤ ሰነፍኩ። ድስቱን ረመጡ ላይ ትቼው ተኛሁ። ጠዋት ሳየው የለሰለሰ መሰለኝ። ቁሌቱን ደፋሁበት፣ አቀረብኩት።

ከሰዓት በኋላ ግማሹ ሰፈር ታመመ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፤ ድሬ ድግስ ላይ ማን ይቀራል? ሰው ደግሞ ሲታመም መጀመሪያ የሚጠረጥረው መንገድ ላይ የሚሸጠውን ነው። "የጣቢያ ዘይት ነው" አሉ። በአንድ ምሽት ከአፍ አፍ ዞረ።

በማግስቱ ድስቱን ላጥብ ስል ሥሩ ላይ የቀረውን ፍሬ አንስቼ ነከስኩ። ቀጭ አለ። ሌላም ነከስኩ። እሱም ቀጭ። የሌክቲኑን ስም ያኔ አላውቅም፤ ግን ገባኝ። ድስቱን አንስቼ ወደ ደቻቱ ወረድኩና አሸዋው ላይ ደፋሁት። በእጄ አሸዋ አለበስኩት፣ ቀበርኩት። ስመለስ ሴትዮዋ በሬ ላይ ቆማለች። ዓይኗ አብጧል። "እህቴ፣ አንቺም ከኔ ሳምቡሳ በልተሻል፤ ምን ነካው?" አለችኝ።

"እንጃ" አልኳት።

እንጃ። ሌላ አንድ ቃል አልጨመርኩም።

ከዚያ ወዲያ ማንም አልገዛትም። ስታልፍ የሰፈር ልጆች ሆዳቸውን ይዘው ይወድቁ ነበር፤ ጨዋታ መሆኑ ነው። መስከረም ሳይጠባ "ጅቡቲ እህቴ ጋ" ብላ ዕቃዋን ጠቀለለች። መዳመጫዋ እኔ ጋ ቀርቶ ነበር። ልመልስላት፣ ከዚያም ልነግራት ብዬ ጣቢያ ድረስ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች። መዳመጫውን ነጠላዬ ሥር ይዤ ቆምኩ። ባቡሩ ጮኸ፣ ሄደ። እኔም ወደ ቤት ተመለስኩ፤ እግረ መንገዴን ሽንኩርት ገዛሁ።

በ1998ቱ ጎርፍ ያ ተርታ ቤት በሙሉ ተጠርጎ ሄደ። እኛ ያኔ ሳቢያን ሰፈር ገብተናል። ሰው ለሞቱት ያለቅሳል፣ እኔም አብሬ አለቀስኩ። መሃል ላይ ግን አንድ ሐሳብ መጣብኝ፤ አሁን ብትመለስ እንኳን የኔን በር በምን ታገኘዋለች? ወላሂ በዚያ ሁሉ ሬሳ መሃል ያሰብኩት ይህንን ነው። እስከዛሬ አፍራለሁ።

የት ነበርኩ? ሊጡ።

ሊጡን ስስ አድርገሽ ከዳመጥሽ በኋላ ሙሊቱን በስሱ ቀቢው። ሙሊቱ ቀዝቅዞ ይሁን፤ ትኩስ ከሆነ ሊጡ ይለጠጥና ይቀደዳል። በወዲያ በኩል ሁለት ጣት ያህል ባዶ ተዪ፤ መጠቅለል ስትጨርሺ ውሃ ነክተሽ የምታጣብቂበት ነው። ጠበቅ አድርገሽ ጠቅልዪው፣ ፍሪጅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አስተኚው። በቢላ አትቁረጪው፤ ይጨፈለቃል። የልብስ መስፊያ ክር በሥሩ አሳልፊና ከላይ አቆላልፈሽ ሳቢው። ቦጭ ብሎ ይቆረጣል፣ ዙሩም ክብ እንደሆነ ይቀራል። ጣት ያህል ይወፍር። ትሪ ላይ አራርቀሽ ደርድሪ፣ ዘይት ቀቢው፣ ሰሊጥ በትኚበት። ከ20 እስከ 25 ደቂቃ። አንዱን ገልብጠሽ ሥሩ ቡናማ መሆኑን ሳታዪ አታውጪ።

አሁን ስሚኝ። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስትገቢ ያቺን ሻይ የምታፈላ ልጅ ይቅርታ ትጠይቂያታለሽ። ለብቻዋ ጓዳ ጠርተሽ በሹክሹክታ አይደለም። ስሟ የጠፋው በሰው ፊት ነው። ሁሉም ሻይ ለመጠጣት ሲሰበሰቡ "የኔ ቦሎቄ ነው፤ አላበሰልኩትም" በይ። ይስቁብሻል። ይሳቁ። አንድ ሳምንት "ቦሎቄ" እያሉ ይጠሩሽ ይሆናል፤ ከዚያ ይሰለቻቸዋል። እሷ ግን እንጀራዋ ነው። አንቺ ብትታሚ ደመወዝሽ ወሩ ላይ ይገባል፤ የእሷን ሻይ ሰው ካልጠጣ ማታ ባዶ እጇን ነው ቤቷ የምትገባው። "ማንም አልጠየቀኝም" እንዳትዪኝ። እኔን ጠይቀውኛል፤ ያልኩትን አንብበሻል።

አልተቆጣሁሽም፣ የኔ ዓለም። ትንሽ ተቆጥቻለሁ። ጎበዝ ነሽ፣ እጅሽ ይጣፍጣል፤ ለሰው በትእዛዝ መጋገር ጀምሪ የሚሉሽ እውነታቸውን ነው። ጀምሪ። ግን ቦሎቄው ይንተክተክ።

ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ ካርቶን እልክልሻለሁ። ከቀፊራ ገበያ የገዛሁት ስኳር ድንች ነው፤ ነጩም ብርቱካኑም አለበት። ጥሬውን ፍሪጅ ውስጥ እንዳትከቺው፤ ብርድ ሲመታው መሃሉ ይጠነክርና አይበስልልሽም። ጋዜጣ ላይ ዘርግተሽ ጨለማ ቦታ አስቀምጪው። ሥሩ ላይ ለአክስትሽ ሐሊዋ አለ። ለእሷ የተላከ ነው፤ እንዳትነኪው። የነገረችኝን ነገር ነግሬሻለሁ ብዬም አልደበቅኳትም፤ ስለዚህ አትጣዪያት።

መዳመጫውን እንድልክልሽ ባለፈው ጠይቀሽኝ ነበር። ከመርካቶ አዲስ ግዢ። ያኛው የሰው ዕቃ ነው፤ እዚሁ ይቆይ።

እናትሽ
ከድሬዳዋ