ሥዕሏ የገባበት፣ እሷ ያልገባችበት ቤት

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ለንደኑ ጋሪክ ክለብ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ዳኞችና ባለሥልጣኖች ምሳ የሚበሉበት የሀብታም ወንዶች ቤት አድርጋችሁ ነው ያቀረባችሁት። ውሸት አይደለም። ግን ቤቱ መጀመሪያ ለምን እንደተከፈተ አላነሳችሁም። ለኔ ዋናው እሱ ነው። (ዓመቶቹንም ወሮቹንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ልጻፍ።)

ክለቡ በ1831 ሲቋቋም እንግሊዝ አገር ተዋናይነት የሚያስከብር ሙያ አልነበረም። ማታ መድረክ ላይ ይጨበጨብለታል፤ በማግስቱ ጨዋ ነኝ የሚል ቤት ማዕድ ላይ አያቀርበውም። መሥራቾቹ ተዋናዩና የትልቅ ሰው ልጅ እኩል የሚቀመጡበት ቦታ ፈለጉ። ስሙንም በ1779 ከሞተው ከታላቁ ተዋናይ ከዴቪድ ጋሪክ ወሰዱ። ደራሲዎቹ ዲከንስና ታከሪም አባል ነበሩ። በ1858 ኤድመንድ ዬትስ የሚባል ወጣት ጋዜጠኛ ታከሪን የሚያስቀይም ጽሑፍ አወጣ። ታከሪ «እዚሁ ክለብ ውስጥ የሰማውን ነው የጻፈብኝ» ብሎ ለክለቡ ከሰሰው፤ ልጁም ከክለቡ ተባረረ። ዲከንስ ለልጁ ወገነ። ሁለቱ ደራሲዎች ተኮራርፈው የታረቁት ታከሪ ሊሞት ትንሽ ሲቀረው ነው። የዚያ ቤት ወንበር ይህን ያህል ዋጋ ነበረው።

እና ተዋናይቷስ? ክለቡ ካሉት የቲያትር ሥዕሎች አንዱ የሠዓሊው የዞፋኒ ሥራ ነው። ጋሪክና ተዋናይቷ ሐና ፕሪቻርድ የሼክስፒርን ተውኔት ማክቤዝን ሲጫወቱ ያሳያል፤ ንጉሡ ከተገደለ በኋላ ያለው የጩቤው ትዕይንት ነው። ሁለቱ ፊት ለፊት ቆመዋል። አንዱ ያለ ሌላው ትዕይንቱ አይቆምም። ቤቱ ግን በእሱ ስም ተጠራ፤ የእሷ የሙያ ልጆች የወንድ እንግዳ ሆነው ካልሆነ አይገቡም ነበር። በንቀት የተገፋን ሙያ ለማንሳት የተከፈተ በር ግማሹን ባለሙያ ውጭ አስቀረ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ሕጉ አልከለከላቸውም። የ2010 የእኩልነት ሕግ የወንድ ብቻ ወይም የሴት ብቻ ክለብ ይፈቅዳል። በ2015 በተሰጠው ድምፅ 50.5 በመቶው ሴቶች ይግቡ ቢልም ደንቡ ሁለት ሦስተኛ ይጠይቅ ስለነበር ወደቀ። በ2024 የአባላቱ ስም ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ነገሩ ጋለ፤ የስለላ ድርጅቱ የኤምአይ6 ኃላፊ ሳይቀሩ ለቀቁ። ያኔ የሕግ ሰዎች ደንቡን እንደገና አነበቡት። የተጻፈው «እሱ» በሚል ቃል ነው። የ1925 የንብረት ሕግ ደግሞ በእንዲህ ያለ ሰነድ ላይ «እሱ» ሲባል «እሷ»ንም ይጨምራል ይላል። በኛ ቋንቋ «ይመረጣል» እና «ትመረጣለች» ተለያይተው ስለሚጻፉ ነገሩ ግራ ያጋባል፤ እዚያ ግን ወሳኙ ይህ ሆነ። ግንቦት 7 ቀን 2024 ወደ 60 በመቶ የሚሆነው ድምፅ ሰጪ ደንቡ ሴትን አይከለክልም አለ። በዚህ አተረጓጎም በሩ ቀድሞውንም አልተቆለፈም ነበር ማለት ነው።

ከተከፈተ በ193 ዓመቱ፣ በሐምሌ ወር፣ የመጀመሪያዎቹ ሴት አባላት ገቡ። ጁዲ ዴንችና ሻን ፊሊፕስ፣ ሁለቱም የመድረክ ሰዎች። ጽሑፋችሁን ስታርሙ እባካችሁ ዕድሜያቸውንም ጨምሩበት፤ ዴንች 89፣ ፊሊፕስ 91 ነበሩ።

አንባቢያችሁ፣ ከለንደን